የባቄላው ጎላና የዲያቆኑ ጭልፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጎላ፣ ስለ ቦሎቄና ስለ ጭልፋ የሚናገር ጽሑፍ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ገጽ ላይ ስታገኙ ትገረሙ ይሆናል። ይሁን እንጂ የዲቁና ማዕረግ በቤተ ክርስቲያን የተጀመረው በማዕድ ዙሪያ ስለሆነ፣ ዲያቆን ስለ ድስት ቢጽፍ ከአገልግሎቱ ወጥቷል አያሰኝም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በአጥቢያችን ለብዙ ሕዝብ የሚጣደው ድስት ከላይ እስከ ታች ለሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሚያበስሉትና የሚያድሉትም ዲያቆናትና ወጣቶች ይሁኑ። ይህ በየትኛውም ስፍራ መልካም ነው፤ በእኛ በኪራሙ ግን ከመልካምነት አልፎ ግዴታ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በትዕግሥት ታነቡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ዲያቆን ለምን ተሾመ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ በመካከላቸው ማጕረምረም ተነሣ። ያጣላቸው የሃይማኖት ጥያቄ አልነበረም፤ የዕለት ምግብ ነበር። በዚያች ቤተ ክርስቲያን የጽርዕ ቋንቋ የሚናገሩና የዕብራውያንን ቋንቋ የሚናገሩ ምእመናን አብረው ይኖሩ ነበር። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የጽርዕ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለሉ ጀመር። መበለቶቹ ሌላ ሃይማኖት አልነበራቸውም፤ ያመኑት በአንድ ጌታ ነው፤ የተለያዩት በአፋቸው ብቻ ነበር።

ሐዋርያት ጉዳዩን አላድበሰበሱትም። ሕዝቡን ሰብስበው መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ፤ ከጸለዩም በኋላ እጃቸውን ጫኑባቸው። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ እነዚህ ናቸው። የሰባቱም ስም የጽርዕ ስም መሆኑን ልብ በሉ። እደላው እንዲቃና ጭልፋው የተሰጠው ለተበደለው ወገን ቋንቋ ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ነው። ዕብራውያኑም በዚህ አልተቈጡም፤ ነገሩ ጉባኤውን ሁሉ ደስ አሰኘ።

አንዳንዶች ሐዋርያት ቃሉን ትተው ማዕድን ማገልገል እንደማይገባቸው መናገራቸውን ይጠቅሱና ማዕድ ማገልገል ዝቅ ያለ ሥራ ነው ይላሉ። ዝቅ ያለ ሥራ ቢሆን ኖሮ መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው መፈለግ፣ ጸሎት ማድረስና አንብሮተ እድ ባላስፈለገ ነበር። ሐዋርያት ሥራውን አከፋፈሉት እንጂ አልናቁትም። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ቀዳሜ ሰማዕት ሆነ። ሌላው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ የእኛን ሀገር ጃንደረባ ያጠመቀው ነው (ሐዋ. 8፥26-40)። እንግዲህ ጃንደረባውን ወደ ውኃው ይዞት የወረደው እጅ አስቀድሞ ለመበለቶች ምግብ ሲያድል የነበረ እጅ መሆኑን ማስታወስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዲያቆናት ቀላል ነገር አይደለም።

በኪራሙ ለምን?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በኪራሙና በዙሪያዋ ባሉ የምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች የደረሰውን አንባቢ ያውቀዋል። ከአማራውም ከኦሮሞውም ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ አዝመራ በማሳ ቀርቷል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ተሰዷል። ከፊሉ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ በመጠለያ ኖሯል። የተመለሰውም፣ ያልሄደውም፣ ከሌላ ቀበሌ መጥቶ የተጠጋውም ዛሬ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይቆማል። ስለዚህ የኢየሩሳሌሙ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። በእደላ ጊዜ የሚዘለለው ማን ነው?

በየበዓላቱ የምናየው ልማድ እንዲህ ነው። በደጀ ሰላም ውስጥ ለካህናትና ለተጠሩ እንግዶች የተለየ ማዕድ ይቀርባል። ለማኅበሩ አባላት ሌላ አለ። ከቅጽሩ በር ላይ ላሉት ነዳያን የሚደርሰው ከሁለቱ የተረፈው ነው። ይህን ያደረገ ሁሉ ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ዝክር የሚዘክሩ እናቶቻችን ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ የሚያድሩ ናቸው። ነገር ግን ልማዱ ራሱ ሰውን በሦስት ይከፍለዋል። ሰላም በሆነበት ዘመን ይህ እንደ ነውር ብቻ ይታይ ይሆናል። ቂም ባልበረደበት ስፍራ ግን፣ በር ላይ የቆመው ሰው የተዘለለው በድህነቱ ይሁን በቋንቋው ሊለየው አይችልም። በልቡ የሚይዘውም የከፋውን ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ በአንድ ድስት የተለያዩ ወንድማማቾችን ያሳየናል። ዔሳው ደክሞና ተርቦ ከዱር በመጣ ጊዜ ያዕቆብ የምስር ወጡን ሸጠለት እንጂ አላካፈለውም (ዘፍ. 25፥29-34)። ዔሳው ብኵርናውን በማቃለሉ ይነቀፋል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ለተራበ ወንድም ወጥ የሸጠው ያዕቆብም ከዚያ በኋላ በፍርሃት ተሰዶ ብዙ ዓመት በባዕድ ሀገር ኖሯል።

በተቃራኒው ዳዊትን ተመልከቱ። ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ፊት ሸሽቶ ከሕዝቡ ጋር መሃናይም በደረሰ ጊዜ፣ ሾቢ፣ ማኪርና ቤርዜሊ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ተቀበሉት። ያመጡለት ዝርዝር ተጽፏል፤ መኝታ፣ የሸክላ ዕቃ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤና በግ (2ኛ ሳሙ. 17፥27-29)። ከሦስቱ አንዱ ሾቢ ከአሞን ወገን ነበረ፤ ከእስራኤል ወገን አልነበረም። ለተፈናቀለ ሰው ባቄላና ምስር ይዞ መውጣት እንግዲህ የትናንት ግኝት አይደለም።

ጉልባን የሚያስተምረን

እንደ አዲስ ነገር የሚታይ እንዳይመስላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉን በአንድ ዓይነት ምግብ የምታስተካክልበት ቀን አላት። በጸሎተ ሐሙስ የባቄላ ክክና ስንዴ አብረው ተቀቅለው ጉልባን ይዘጋጃል። እስራኤል ከግብፅ በጥድፊያ ሲወጡ የበሉትን ያስታውሰናል፤ ጨውም ጠንከር የሚደረገው የጌታን ጥማት እንድናስብ ነው። በዚያ ቀን ባለጸጋውም ድኻውም የሚበላው ያንኑ ነው። ማንም ጉልባን ቀረበልኝ ብሎ አይከፋም። ማንም ከበር የቆመውን ነዳይ የተለየ ጉልባን አይሰጠውም። በዓመት አንድ ቀን የምናውቀውን እኩልነት በሌሎቹ በዓላትና አጽዋማት ማስፋት ብቻ ነው የቀረን።

ለዚህ ደግሞ ጥራጥሬን የሚያህል የለም። የጾም ወራት ብዙ ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ቦሎቄና ባቄላ ከደረቁ በኋላ ከ100 ግራም ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አላቸው፤ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ጋር ሲበሉም አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። በቆሎ በወለጋ ምድር ሞልቷል፤ ቦሎቄም ከበቆሎው ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል። ሌላም ነገር አለ። በሀገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። የቦሎቄ ሾርባ ግን የጾመውም ያልጾመውም፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ያለ ቅሬታ የሚበላው ነው። ስሙ እንኳ ሰውን አያለያይም፤ ባቄላ በአማርኛም በኦሮምኛም ባቄላ ነው፤ ቦሎቄም በሁለቱ ቋንቋ ቦሎቄ ነው።

ለ200 ሰው እንዴት ይበስላል?

መንፈሳዊ ሐሳብ ብቻ ይዞ ወደ ጕልቻው የሚጠጋ ወጣት ሕዝቡን ጥሬ ያበላል። ስለዚህ ስሌቱን በግልጽ ላስቀምጥ።

ለአንድ ሰው 80 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ይበቃል፤ ለ200 ሰው 16 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ሲነከርና ሲበስል ከእጥፍ በላይ ያብጣል። ከአትክልቱና ከመረቁ ጋር ከ70 ሊትር ያላነሰ ሾርባ ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ሲሶ ሊትር ያህል ደርሶ ዘግይቶ ለሚመጣም ይተርፋል። ይህን የሚችል አንድ ጎላ ከሌለ በሁለት ትልልቅ ድስት መክፈል ይሻላል፤ እስከ አፉ የሞላ ድስት ለማማሰል አይመችም፤ ሲፈላም ይገነፍላል።

ቦሎቄው በዋዜማው ተለቅሞና ታጥቦ ማታ በብዙ ውኃ ይነከር። ንጋት ላይ የተነከረበት ውኃ ይደፋ፤ እንደገና ታጥቦ በአዲስ ውኃ ይጣድ። አሮጌና አዲስ ቦሎቄ አትቀላቅሉ፤ አዲሱ ሲፈርስ አሮጌው ጠጠር እንደሆነ ይቀራል። ከየቤቱ ሲዋጣ ይህ የማይቀር ስለሆነ፣ የቆየውን ለይቶ በሌላ ድስት አስቀድሞ መጣድ ነው።

አሁን የምለውን በተለይ አስተውሉ። ቦሎቄ፣ ይልቁንም ቀዩ፣ በደንብ ካልፈላ ሆድን የሚያውክና የሚያስታውክ መርዝ በውስጡ አለው። በለዘብተኛ እሳት ሞቅ ብሎ ብቻ መዋሉ አያጠፋውም፤ እየተንተከተከ ግማሽ ሰዓት በኃይል መፍላት አለበት። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሶ እስኪለሰልስ ማብሰል ነው። እንደ ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ከተሞች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቆላ ከሚወስደው ጊዜ ይበልጣል። ከንክሩ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያዙለት። መብሰሉን የምታውቁት ከድስቱ ከተለያየ ቦታ አሥር ፍሬ አውጥታችሁ ሁሉም በጣት ሲደፈጠጡ ነው።

በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን በጌልገላ ራብ ሳለ ለነቢያት ልጆች ታላቅ ምንቸት ተጣደ። አንዱ የማያውቀውን የዱር ቅል ከትፎ ጨመረበት፤ ሲበሉም ሞት እንዳለበት ጮኹ፤ ነቢዩ አስመጥቶ በጨመረው ዱቄት ምግቡ ዳነ (2ኛ ነገ. 4፥38-41)። ለብዙ ሰው የሚያበስል ሰው የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ ነው። ተአምር ተስፋ አድርጎ ጥሬ ቦሎቄ ማቅረብ እግዚአብሔርን መፈታተን ይሆናል።

ቁሌቱ በሌላ ድስት ይሠራ። 6 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ከዚያ 3 ሊትር ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይግባ። 10 ኪሎ ድንችና ካሮት ተቆርጦ ይጨመር። ቲማቲም ካለ ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ይግባ፤ ኮምጣጣነቱ ቀድሞ ከገባ ፍሬው እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ጨው 600 ግራም ያህል በመጨረሻ እየተቀመሰ ይጨመር፤ ኮረሪማ ሲወርድ። ሾርባው አልጫ ይሁን። ሕፃናት፣ ሕሙማንና ጨጓራ ያለባቸው አረጋውያን ከዚያው ድስት እንዲበሉ በርበሬው ለብቻው ይቅረብ። ማወፈር ከተፈለገ ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ አውጥቶ ደፍጥጦ መመለስ ይበቃል።

እደላው ሳይጀመር ድስቱ ከጕልቻው አይውረድ፤ ትኩሱ በትኩስነቱ ይታደል። የተረፈ ቢኖር በዚያው ቀን ይሰጥ እንጂ በትልቅ ድስት ሙሉ አይደር፤ መካከሉ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ይበላሻል። ጭልፋው አንድ መጠን ይሁን። ሰልፉም በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በያዙ እናቶች ይጀምር፤ ዲያቆናት መጨረሻ እንብላ።

የሚነሡ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ክብር ነው። በዓልን በቦሎቄ ማክበር ያዋርዳል የሚሉ አሉ። ስሙን በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ራብ በገባ ጊዜ የተራቡትን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የጥራጥሬ ሾርባ በትልልቅ ድስት አቅርቦላቸው ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደመሰከረው፣ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ክርስቶስን እየመሰለ ራሱ ያገለግላቸው ነበር። ባስልዮስ ከባለጸጋ ቤት የተወለደ፣ በአቴና የተማረ ሰው ነው። እርሱን ያላዋረደው ጭልፋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆንነውን እኛን ሊያዋርደን አይችልም።

ሁለተኛው ስለ ወጪ ነው። በግእዝም የተተረጎመው ሄርማ ኖላዊ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የጾመ ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለትና ለየቲም እንዲሰጥ ያስተምራል። ይህን በእኛ አቅም ላስላው። 16 ኪሎ ቦሎቄ ማለት ሰማንያ ቤተሰብ እያንዳንዱ አንድ ብርጭቆ፣ 200 ግራም ያህል፣ ሲያዋጣ የሚሞላ ነው። አንድ ብርጭቆ ቦሎቄ የማይኖርበት ቤት ካለ ያ ቤት ከሚያዋጡት ሳይሆን ከሚበሉት ነው፤ እርሱንም በዚሁ እናውቀዋለን።

ሦስተኛው ስለ እናቶቻችን ነው። ሥራቸውን መንጠቅ እንዳይመስልብን የሚሰጉ አሉ። እናቶች ያስተምሩ፤ እኛ ውኃ እንቅዳ፣ እንጨት እንፍለጥ፣ ሽንኩርት እንላጥ፣ እናማስል፣ ጎላውን እንጠብ። ሰሞነኛ የሆነው ዲያቆን በመቅደስ ሲያገለግል ሰሞነኛ ያልሆነው በጕልቻው ዘንድ ይቁም። ሁለቱም አንድ አገልግሎት ላይ ናቸው።

የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነው፤ በግልጽ የሚናገረው ግን ጥቂት ሰው ነው። በሰልፉ ውስጥ የበደለን ሰው፣ ወይም የበደለን ሰው ዘመድ ቢቆምስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው የሞተበት ሰው አለና በቍጣ አልመልስለትም። ድስት ፍርድን አይተካም። ደም ያፈሰሰ በሕግ ፊት መጠየቅ አለበት፤ እውነቱም መነገር አለበት። ነገር ግን የሾርባ ሰልፍ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ጭልፋ የያዘ ዲያቆንም ዳኛ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ጠላት እንኳ ቢራብ እንዲበላ ያዝዛል (ሮሜ 12፥20)። በሰልፉ የሚቆሙት አብዛኞቹ ደግሞ ጠላት አይደሉም፤ ሕፃናትና መበለቶች ናቸው። የማንም ይሁኑ የማን፣ ሲሶ ሊትራቸው አይጐድልም።

ምን እናድርግ?

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአጥቢያችን በሚቀጥለው ንግሥ ከደጀ ሰላም እስከ ቅጽሩ በር አንድ ድስት ይቅረብ፤ ካህኑም እንግዳውም ነዳዩም ከእርሱ ይብላ። ከዚያ በላይ የሚጨምር ይጨምር፤ ጭማሪው ግን ከበር ይጀምር። ሁለተኛ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከመዝሙር ክፍሉና ከትምህርት ክፍሉ ጎን የማዕድ ክፍል ያቋቁም፤ ወንዶች ወጣቶችም ይመዝገቡበት። ሦስተኛ፣ ከሚያድሉት መካከል አማርኛ የሚናገርም ኦሮምኛ የሚናገርም ሁልጊዜ ይኑር። የመጣው ሰው በአፉ ቋንቋ ሰላምታ ይቀበል፤ ማን እንደተዘለለም በቋንቋው ሊናገር የሚችልበት ሰው ያግኝ። ሐዋርያት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ወንድሞቼ ዲያቆናት፣ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡን ለጸሎት ተነሡ የምንለው እኛ ነን። ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ ሕዝቡን ለማዕድ የምናስቀምጠው እኛ እንሁን። ቦሎቄው ዛሬ ማታ ከተነከረ ነገ ይደርሳል።

የሰባቱ ዲያቆናት አምላክ በማዕዳችን ማንም የማይዘለልበትን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።